ከሁለት ኮምፓክት ኤስዩቪ አንዱን ለመምረጥ፦ ከወረቀቱ እስከ ቁልፍ ርክክቡ

«የቶዮታ ራቭ ፎር ይሻላል ወይስ የሆንዳ ሲአርቪ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው እንዲህ በደፈናው ሲቀርብ ግን መልስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነውን አምስተኛውን ትውልድ ራቭ ፎር ብቻ ብንወስድ እንደየገበያው ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ከሲቪቲ (ማርሽ ከሌለው አውቶማቲክ) ካምቢዮ ጋር፣ ባለ 2.5 ሊትር ከ8 ማርሽ አውቶማቲክ ጋር፣ ወይም ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ) ሆኖ ይገኛል። ሦስቱን ከውጭ ለሚያይ አንድ መኪና ናቸው። ሲነዱ፣ ነዳጅ ሲጠጡና ጋራዥ ሲገቡ ግን ለየቅል ናቸው። ሲአርቪም ቢሆን ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦም አለው፣ ሃይብሪድም አለው። ስለዚህ ስምን ከስም ማወዳደር ጊዜ ማባከን ነው። የሚወዳደሩት ዓመታቸው፣ ሞተራቸው፣ ካምቢዮአቸውና ደረጃቸው ታውቆ ፊት ለፊታችሁ የቆሙት ሁለቱ መኪኖች ናቸው።

ለምሳሌነት ራቭ ፎርንና ሲአርቪን ደጋግሜ የማነሣው የመጀመሪያው በ1994፣ ሁለተኛው በ1995 ገበያ ላይ ወጥተው ኮምፓክት ኤስዩቪን፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ብሎ መጠኑ መካከለኛ የሆነውን የመኪና ዓይነት፣ ያስለመዱ ስለሆኑ ነው። አካሄዱ ለተክሰንም፣ ለስፖርቴጅም፣ ለማዝዳ ሲኤክስ-5ም፣ ለቲጓንም ያው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ መኪና ከማየታችሁ በፊት አጠቃቀማችሁን ጻፉ

ወረቀት ያዙና እነዚህን አስፍሩ፦ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ? ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ያልቃል? በአብዛኛው ስንት ሰው ይሳፈራል? መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ኮረኮንች? መኪናውን ስንት ዓመት ልትይዙት አስባችኋል? ሐቀኛ ሁኑ። በዓመት አንዴ ለሚመጣ ጉዞ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ነዳጅ የሚያስከፍለውን መኪና የሚገዛ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ መስመር አስምሩና ሁለት ዝርዝር አዘጋጁ። በአንዱ ወገን ከገዛችሁ በኋላ የማትቀይሯቸው ይግቡ፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ የፊት ወይም የአራት ጎማ ጉልበት፣ የመቀመጫው ቅርጽ፣ የኤርባግ ብዛት፣ የዕቃ መጫኛው ስፋት። በሌላው ወገን ደግሞ በኋላ ልትገዟቸው ወይም ልታስቀይሯቸው የምትችሏቸው፦ ስክሪን፣ ቸርኬ፣ የወንበር ልብስ፣ የኋላ ካሜራ። ሻጭ አብዝቶ የሚያሳያችሁ ሁለተኛውን ወገን ነው። ገንዘባችሁን የሚወስነው ግን የመጀመሪያው ነው።

ደረጃ 2፦ የሁለቱንም ሙሉ ማንነት አጣሩ

የተመረተበት ዓመት፣ ትውልዱ፣ የሞተሩ መጠን፣ የካምቢዮው ዓይነት፣ የተሠራበት ገበያና የመሣሪያ ደረጃው (ትሪሙ) መታወቅ አለባቸው። የአንዱን ከፍተኛ ትሪም ከሌላው ዝቅተኛ ትሪም ጋር አቅርቦ «ይኼኛው ይበልጣል» ማለት በጣም የተለመደ ማታለያ ነው። አንዳንዴ ሳናውቀው ራሳችንን የምናታልለውም በዚሁ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩን ራሳችሁ ከመኪናው ላይ አንብቡ። ዓለም አቀፉ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን ከፊት መስታወቱ ሥር በሹፌሩ ወይም በተሳፋሪው በኩል፣ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ይገኛል። በ«ጄ» ከጀመረ ጃፓን፣ በ«ኬ» ደቡብ ኮርያ፣ በ«ደብልዩ» ጀርመን፣ በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ አሜሪካ የተሠራ ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን አጠር ያለ የራሳቸው የሻንሲ ቁጥር ስላላቸው 17 ባይሞላ አትደንግጡ። ገበያው ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ አንድ ዓይነት ስም ያለው መኪና ለአንዱ አገር ከነሙሉ ኤርባጉ፣ ለሌላው በሁለት ኤርባግ ብቻ ሊሠራ ይችላል። በብሮሹር ከማመን መሪው ላይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ የወንበሩ ጎንና የበሩ አናት ላይ የተጻፈውን የኤርባግ ምልክት አንድ በአንድ መቁጠር ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የነዳጅ ቁጥሮችን ወደ አንድ መለኪያ አምጡ

አንዱ መኪና በሊትር በ100 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው በማይል በጋሎን ሊጻፍ ይችላል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የአሜሪካ ጋሎን ከሆነ 235ን በቁጥሩ አካፍሉ። 30 ማይል በጋሎን ማለት 7.8 ሊትር፣ 40 ማይል በጋሎን ማለት 5.9 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ነው። የእንግሊዝ ጋሎን ትልቅ ስለሆነ የሚካፈለው 282 ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ የተጻፈ 40 ሲሰላ 7 ሊትር ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ቤንዚኑን መኪና ሃይብሪድ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

መለኪያው አንድ ሆኖም የሙከራው ሥርዓት ይለያያል። በአውሮፓ ከ2017 ጀምሮ የመጣው ደብልዩኤልቲፒ ከቀድሞው ኤንኢዲሲ ይልቅ ለእውነተኛው አነዳድ የቀረበ ነው። የ2015 መኪና በአሮጌው፣ የ2020 በአዲሱ ሥርዓት ተለክተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ አሮጌው ያለ አግባብ ቆጣቢ ይመስላል። በአንድ ሥርዓት የተለኩ ቁጥሮችን ብቻ አወዳድሩ። ካላገኛችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ያንኑ ሞተር ከያዙ ሰዎች እውነተኛ ፍጆታቸውን ጠይቁ፤ ሰልባትዮ ሞልቶ እስከሚቀጥለው ሙሌት በኪሎ ሜትር የለካ ሰው ቃል ከብሮሹሩ ይበልጣል።

አጠቃላይ ድምሩንም አትመልከቱ። ከተማ ውስጥ የምትውሉ ከሆነ የከተማውን፣ ረጅም መንገድ የምትነዱ ከሆነ የአውራ ጎዳናውን ውሰዱ። የሃይብሪድ ብልጫ ጎልቶ የሚታየው በመቆምና በመነሣት ላይ ነው፣ ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ጉልበት መልሶ ባትሪ ውስጥ ያስቀምጣል። በተመሳሳይ ፍጥነት ሰዓታት በሚነዳበት መንገድ ላይ ብልጫው ይጠባል።

ደረጃ 4፦ ሞተርና ካምቢዮ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው፤ በኋላ ትልቁን የጋራዥ ሂሳብ የሚያመጣው ካምቢዮ ነውና።

በመጀመሪያ ሞተሩ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። በባሕር ጠለል ላይ ሁለት እኩል የሆኑ መኪኖች በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ እኩል አይሆኑም፣ ቱርቦው አየሩን አፍኖ ስለሚያስገባ ብዙ አይጎዳም። በሌላ በኩል ቱርቦ የዘይት ነገር አይታገስም። ዘይት በሰዓቱ የማይቀየርለት ከሆነ፣ ወይም ያገለገለ መኪና ሆኖ የዘይት ቅያሪ መዝገቡ ከሌለ፣ እኔ ብሆን ቱርቦ የሌለውን እመርጣለሁ።

ካምቢዮው በአራት ይከፈላል። የተለመደው አውቶማቲክ (እንደ ማዝዳው ባለ 6 ማርሽ ወይም እንደ ራቭ ፎሩ ባለ 8) በኮረብታና በጭነት ላይ የሚታመን ነው። ሲቪቲ ማርሽ የለውም፤ በብረት ቀበቶ የተገናኙ ሁለት መዘውሮች እየጠበቡና እየሰፉ ይሠራል። ለስላሳና ቆጣቢ ነው፣ ግን ሲጫን ሞተሩ ጮኾ መኪናው የዘገየ ይመስላል፣ ዘይቱም ካልተቀየረ ዕድሜው ያጥራል። ዱዋል ክላች ደግሞ ፈጣን ቢሆንም ኤሊ በሚያስንቅ የመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ክላቹ ይሞቃል፣ መኪናውም ይነጥራል። አራተኛው የሃይብሪዱ ነው። የቶዮታው «ኢ-ሲቪቲ» ቢባልም ቀበቶ የለውም፣ በፕላኔታሪ ጥርሶች የሚሠራና ከሲቪቲ ጋር ስም እንጂ አሠራር የማይጋራ ነው። በሆንዳው ሃይብሪድ አብዛኛውን ጊዜ ጎማውን የሚያሽከረክረው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲሆን የቤንዚኑ ሞተር በቀጥታ ከጎማው ጋር የሚገናኘው በዋናነት አውራ ጎዳና ላይ ነው። ሰው «ሲቪቲ አልወድም» ብሎ ሃይብሪዱን ሲተው ሳይ አዝናለሁ፤ የሚፈራው ነገር ውስጡ የለም።

ሲቪቲ ወይም ዱዋል ክላች ያለውን መኪና ስትሞክሩ እንዲህ አድርጉ፦ ቁልቁል ሳይሆን ደልዳላ ሜዳ ላይ አቁሙትና ነዳጅ መስጫውን በጣም በቀስታ እየነካችሁ እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ውሰዱት። ሬዲዮውም ኤሲውም ይጥፋ። ከ20 እስከ 40 ባለው መካከል እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ነገር ከወንበሩ ሥር ከተሰማችሁ፣ ወይም ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ፉጨት ካለ፣ ለሻጩ ማብራሪያ ጆሮ አትስጡ። ቀጥሎ ዳገት ላይ አቁሙትና በኋላ ማርሽ ወደ ላይ ለማስወጣት ሞክሩ። የደከመ ካምቢዮ እዚያ ጋ ራሱን ያጋልጣል።

ደረጃ 5፦ አራት ጎማ ያስፈልጋችኋል?

ኮምፓክት ኤስዩቪ በቅርጹ የገጠር መኪና ቢመስልም አካሉ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። «ኦል ዊል ድራይቭ» የተጻፈባቸው አብዛኞቹም በአዘቦት የፊት ጎማቸውን ብቻ የሚያሽከረክሩና የፊቱ ሲንሸራተት ጉልበት ወደ ኋላ የሚልኩ ናቸው። ከባድ ማርሽ (ሎው ሬንጅ) የላቸውም። ከ2005ቱ ግራንድ ቪታራ በስተቀር በዚህ መጠን ያንን ያገኘ መኪና ጥቂት ነው። ስለዚህ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ መኪና ማውጣት ዓላማችሁ ከሆነ ምናልባት ያሰባችሁት የመኪና ዓይነት ራሱ አይደለም።

አሠራሩም ይለያያል። በአምስተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ሃይብሪድ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለም፤ የኋላ ጎማዎቹን ለብቻው የሚያዞር 40 ኪሎ ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር ተቀምጦላቸዋል። በሲአርቪ ሃይብሪድ ግን ዘንጉ አለ። ለሚያንሸራትት መነሻ ሁለቱም ይበቃሉ። ለረጅም አሸዋና ዳገት ዘንጉ ያለው ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አራት ጎማ ለመነሣት እንጂ ለመቆም አይረዳም። ፍሬን በየትኛውም መኪና በአራቱም ጎማ ነው። ጎማው ላይ የቆጠበ ሰው የፎር ባይ ፎሩን ዋጋ አፈሰሰ ማለት ነው።

ከመሬት ያለው ከፍታ በዚህ መደብ ብዙ ጊዜ ከ17 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ባዶ መኪና ላይ የተለካ ሊሆን ስለሚችል አምስት ሰው አስገቡና ከሞተሩ ሥር ያለውን መከላከያ ራሳችሁ በሜትር ለኩ። የፊት መከላከያው (ፓራውርቱ) ከጎማው ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚወጣም እዩ። በተቆረጠ መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚጫረው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ደህንነት

ኮከብ ብቻ አትቁጠሩ፣ ኮከቡ የተሰጠበትን ዓመት አንብቡ። መኪኖችን እያጋጨ ኮከብ የሚሰጠው የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ መመዘኛውን በየጊዜው ያጠነክራል፤ የ2013 አምስት ኮከብ ከ2022 አራት ኮከብ ይበልጣል ማለት አይቻልም። የመደብ ልዩነትም አለ፦ የፊት ለፊት ግጭት ውጤት ክብደታቸው በሚቀራረብ መኪኖች መካከል ብቻ ነው የሚወዳደረው። ሁለት ኮምፓክት ኤስዩቪ ስለምታወዳድሩ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ።

ዝርዝሩ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ማሳያ ልስጥ። በአሜሪካ በመድን ድርጅቶች የሚደገፈው አይአይኤችኤስ የተባለው ተቋም በ2012 የመኪናውን ፊት 25 በመቶ ብቻ የሚመታ ከባድ ሙከራ ጀመረ፤ ምቱ በሹፌሩ በኩል ነበር። አምራቾች አካሉን አጠናከሩ፣ ውጤቱም ተሻሻለ። በ2016 ተቋሙ በሹፌር በኩል «ጥሩ» ያገኙ ሰባት አነስተኛ ኤስዩቪዎችን ወስዶ በተሳፋሪው በኩል ሲመታቸው ያንኑ ደረጃ የጠበቀው የ2016 ተክሰን ብቻ ሆነ። የ2015 ራቭ ፎር በተሳፋሪ በኩል ከሁሉም ደካማ ከሆኑት ውስጥ ነበር። ከእነዚያ ዓመታት መኪና እየገዛችሁ ከሆነና አጠገባችሁ ሁሌ ሰው የሚቀመጥ ከሆነ ይህን ማወቅ ሚዛኑን ይቀይረዋል።

የፊት መብራቱን ሌሊት ፈትሹት። በአንድ ሞዴል ውስጥ ዝቅተኛው ትሪም ሃሎጅን፣ ከፍተኛው ኤልኢዲ ሊይዝ ይችላል፣ ልዩነቱም በጨለማ መንገድ ላይ ከስክሪን መጠን የሚበልጥ ነገር ነው።

ደረጃ 7፦ ውስጡ ግቡ

የሹፌሩን ወንበር ለቁመታችሁ አስተካክሉ፣ ወርዳችሁ ወዲያው ከኋላው ተቀመጡ። ጉልበታችሁ ወንበሩን ከነካ፣ ሌላው መኪና ላይ ካልነካ፣ ጉዳዩ አለቀ። ሦስት ሰው ከኋላ ትጭኑ እንደሆነ ሦስት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የልጅ ወንበር ካላችሁም ይዛችሁት ሄዳችሁ አይሶፊክሱ (የልጅ ወንበር ማያያዣው) ላይ ግጠሙት።

የዕቃ መጫኛን ሊትር አትመኑ። አንዱ አምራች በትንንሽ ብሎኮች፣ ሌላው በሌላ ዘዴ ይለካል፤ አንዱ እስከ መስኮቱ፣ ሌላው እስከ ጣሪያ ይቆጥራል። የምትጭኑትን ትልቁን ሻንጣ ወይም የሕፃን ጋሪ አስገቡበት። ወለሉን አንሡና መጠባበቂያ ጎማ መኖሩን እዩ፤ በአንዳንዶች በተለይ በሃይብሪዶቹ በምትኩ የጎማ መጠገኛ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው የሚገኘው።

በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክም አንብቡ። 450 ኪሎ ከሆነ አምስት ባለ 75 ኪሎ ሰው ሲቀመጥ ለሻንጣ የሚተርፈው 75 ኪሎ ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ፖርቶ መጋላ ለማሰር ያሰባችሁ ሰዎች ይህን ቁጥር አስቡበት።

ደረጃ 8፦ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ንዱ

ዛሬ አንዱን፣ በሳምንቱ ሌላውን ብትነዱ የምታወዳድሩት ትዝታን ነው። መንገዱ ኮረኮንች፣ ዳገት፣ ፈጣን መንገድና ጠባብ ማቆሚያ ቢኖረው ጥሩ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር የጠዋት ድምፁን ይደብቃል። ጎማውም በተጻፈለት ልክ ይነፋ፣ አለዚያ የአንዱ ጎማ ጠንክሮ «ይህ መኪና ይመታል» ትላላችሁ።

ስለ መምታት ካነሣን ቸርኬውን እዩ። ራቭ ፎር ላይ 225/65 በ17 ኢንች የሆነ ጎማ አለ፣ 235/55 በ19 ኢንች የሆነም አለ። ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፦ የመጀመሪያው ጎን 146 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 129 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እነዚያ 17 ሚሊ ሜትር የጉድጓዱን ምት የሚውጡት ናቸው። ትልቁ ቸርኬ ለፎቶ ያምራል፣ ጎማውም ይወደዳል፣ ጉድጓድ ውስጥም ቀድሞ ይታጠፋል። መንገዱ ሻካራ ለሆነበት ሰው ትንሹን ቸርኬ እመክራለሁ።

በሙከራው ላይ መሪውን እስከ ጫፉ አዙራችሁ በዝግታ ክብ ሥሩ፤ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ የፊት ዘንጉ መጋጠሚያ አልቋል። ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል። በኋላም ስፖኪዮና ካሜራ ብቻ ተጠቅማችሁ ለማቆም ሞክሩ። የኋላ ምሰሶው ወፍራም የሆነ መኪና ዕለት ዕለት የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

ደረጃ 9፦ የአምስት ዓመቱን ሂሳብ

በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ8 ሊትር መኪና 1,200 ሊትር፣ በ6 ሊትር መኪና 900 ሊትር ያቃጥላል። ልዩነቱ 300 ሊትር ነው። ሃይብሪዱ ከቤንዚኑ የሚበልጥበትን ዋጋ በ300 ሊትር ዋጋ አካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ልዩነቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። በዓመት 6,000 ብቻ ለሚነዳ ልዩነቱ 120 ሊትር ይሆናል፣ ያኔ ሃይብሪዱን የምትገዙት ለዝምታው ካልሆነ በስተቀር ለቁጠባ አይደለም።

ቀጥሎ ለሁለቱም የእነዚህን መለዋወጫዎች ዋጋ ጠይቁ፦ የፊት መብራት፣ ስፖኪዮ፣ የፊት መስታወት፣ የፍሬን ሸራና አንድ ጎማ። የፊት መስታወቱ ላይ ካሜራ ካለ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል ስላለበት ያንን የሚሠራ ጋራዥ መኖሩንም አጣሩ። በትንሽ ግጭት የሚሰበረው ይህ ስለሆነ የኑሮ ወጪው ከዚህ ይታያል። ኢንሹራንስና ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋም ይታከላል።

ደረጃ 10፦ ያገለገለ ከሆነ

በራሳችሁ መካኒክ ጋራዥ እንጂ በሻጩ ጋራዥ አታስፈትሹ። የኦቢዲ መመርመሪያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ) ሲሰካ የብልሽት ኮድ አለመኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። የመኪናው የራስ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቁም» የሚል ከታየ ኮዱ በቅርቡ ተጠርጎ ሊሆን ይችላል። የጎማዎቹን ዕድሜ በጎናቸው ካለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2322 ማለት የ2022 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። አራት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ አራቱም ጎማ አንድ ዓይነትና እኩል ያለቁ መሆን አለባቸው፣ አለዚያ የኋላውን ማገናኛ ያለ ሥራው ያሠሩታል። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ታችኛው ጫፍ ላይ ጭቃ ወይም የውኃ ምልክት ካለ መኪናው ጎርፍ አይቷል።

ሃይብሪድ ከሆነ ባትሪው ብዙ ጊዜ ከኋላ መቀመጫ ወይም ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ነው። አየር የሚስብበትን ወንፊት ፈትሹት። በአቧራና በፀጉር የታፈነ ከሆነ ባትሪው ሲሞቅ ኖሯል፣ የባለቤቱም አያያዝ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ደረጃ 11፦ ውሳኔውና ርክክቡ

ለእያንዳንዱ ነገር ነጥብ ሰጥቶ መደመር አልወድም። ሃያ ትንንሽ ነጥቦች አንድን ገዳይ ጉድለት ይሸፍናሉ። በደረጃ 1 ላይ ከጻፋችሁት ከማይቀየሩት መካከል አንዱን ያላሟላውን መኪና መጀመሪያ አስወግዱ። ሁለቱም ካለፉ ወደ አምስት ዓመቱ ሂሳብ ሂዱ፤ እሱም ከተቀራረበ መለዋወጫው ቶሎ የሚገኘውንና መካኒኩ የሚያውቀውን ውሰዱ።

ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት በሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር፣ አምራቹ ለዚያ ቁጥር ያወጣው ያልተሠራ የጥሪ ጥገና (ሪኮል) ካለ ይጠየቅ። ሁለቱም ቁልፎች በእጃችሁ መግባታቸውን፣ በሁለቱም በሩ መከፈቱንና ሞተሩ መነሣቱን አረጋግጡ። ክሪክና የጎማ መፍቻው በቦታቸው ይኑሩ። ሰዓቱ ቀን ይሁን፣ ዝናብ የዘነበበት መኪና ጭረቱን አያሳይም።